የጋሼ ገመቹ ፉጨት

ልጅ እያለሁ የመቱ ዝናብ ቅዳሜን የሚመርጥ ይመስለኝ ነበር። ልክ የኳየር ልምምዳችን ሲጀመር ከሶር ወንዝ በኩል እየተንደረደረ ይመጣና የቤተ ክርስቲያናችንን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። አዳራሹ ውስጥ የረጠበ ሹራብ፣ ከጫማችን የሚራገፍ ጭቃና አንዳንዱ ልጅ በኪሱ ይዞት የመጣ የበሰለ ዘይቱና ሽታ ይቀላቀላል። አጠገብህ የተቀመጠ ሰው ቢያናግርህ አትሰማውም። በዚያ ሁሉ ዝናብ መሀል ግን አንድ ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይሰማ ነበር፤ የጋሼ ገመቹ ድምፅ።

ጋሼ ገመቹ የልጆች ኳየራችን መሪ ነበሩ። በሥራ ቀን የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ቅዳሜ ደግሞ ያንኑ የስፖርት ሱሪያቸውን እንደለበሱ ላዩ ላይ ኮት ደርበው ይመጣሉ። ከመዘመራችን በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ እየዞርን እንድንሮጥ ያደርጉን ነበር። ጭቃ ነው ብንል አይሰሙንም። እያለከለክን ስንቆም እጃችንን ሆዳችን ላይ ያስደርጉንና መዝሙር የሚነሣው ከዚህ እንደሆነ፣ ጉሮሮ መንገድ ብቻ እንደሆነ ይነግሩናል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ኳየር እንሁን የእግር ኳስ ቡድን ግራ ይገባው ነበር።

ኦርጋን አልነበረንም። ያለን አንድ ከበሮና የጋሼ ገመቹ ጉሮሮ ነበር። ኖታ የሚያነብ ሰው ስላልነበረ ሶፕራኖውንም፣ አልቶውንም፣ ቴነሩንም፣ ባሱንም ለየቡድኑ እየዘመሩ የሚያስጠኑን እሳቸው ናቸው። ሶፕራኖውን ሲያሳዩን ድምፃቸውን አቅጥነው፣ ቅንድባቸውን ሰቅለው እንደ ልጃገረድ ስለሚሆኑ እንስቃለን፤ ባስ ሲገቡ ደግሞ የተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ይነዝረን ነበር። ግጥሙንም የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። አዝማቹ በኦሮምኛ፣ ስንኙ በአማርኛ ይሆናል፤ አንዳንዴም ይገላበጣል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስንወጣ ኦሮምኛ ለምንናገር ልጆች ይህ የሚገርም ነገር አልነበረም። ከግቢው ማዶ ስንጫወት «ኮታ፣ ኑ፣ ኮታ!» እያሉ ሲጠሩን ራሱ በሁለቱም ነበር።

አባቴ ከጎጃም የመጡ ሰዎች ልጅ ነው። ገበያው አጠገብ ሳሙና፣ ጨውና ላምባ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። እሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ እኔን ወደ ኳየሩ የወሰደችኝ እናቴ ናት። በዚህ ነገር ቤታችን ውስጥ ዝምታ ይበዛ ነበር። አባቴ አይከለክለኝም፤ ስለ ኳየሩም አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ግን መንገዱን አዙሮ በቤተ ክርስቲያናችን አጥር በኩል እንደሚያልፍ እናቴ ደርሳበታለች። ዘምረን እስክንጨርስ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ ይላል አለችኝ። የአባቴ ጫማ ደግሞ ክር አልነበረውም።

በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም። የጋሼ ገመቹ ግን ትልቅ ነበር። በአንገት ልብስ ቢሸፍኑትም ሲዘምሩ ብቅ ይላል፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል አብሮ ከፍ፣ ዝቅ ሲል አብሮ ዝቅ ይላል። ከቴነሮቹ መካከል ሙሉጌታ የሚባል አንድ አስቸጋሪ ልጅ ነበር። ጋሼ ገመቹ ያን ሁሉ ድምፅ የሚያስቀምጡት እዚያ እንቅርቱ ውስጥ ነው ብሎ ነገረን። ጓደኛዬ ጫልቱ አላመነችውም፤ የእሷ ሴት አያትም እንቅርት እንዳላቸው፣ ሲዘምሩ ግን ድምፃቸው እንደማይሰማ ነገረችው። ሙሉጌታ ትንሽ አሰበና የአያቷ ባዶ ስለሆነ ነው አላት። ጫልቱ ለአንድ ሳምንት አኮረፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሁላችንም ጋሼ ገመቹ ሲዘምሩ የምናየው አፋቸውን ሳይሆን አንገታቸውን ሆነ።

ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ጋሼ ገመቹ አብረውን መሮጥ ተዉ። ከፊት ይመሩን የነበሩት ሰው መጀመሪያ ከኋላ ሆኑ፤ ቆይተውም በሩ ላይ ቆመው የሚያጨበጭቡልን ብቻ ሆኑ። አጠገባቸው ከቆምን አተነፋፈሳቸው ይሰማናል። ሚስታቸው እትዬ አስካለ፣ ከተማው ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሴት፣ ባላቸው ጋደም ብለው መተኛት እንዳቃታቸው ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ። እንቅርቱ የአየር ቧንቧቸውን እየተጫነው ነበር። መቱ ያሉት ሐኪሞች አዩዋቸውና ለቀዶ ሕክምና ወደ ጅማ ላኳቸው።

ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ አግዳሚ ወንበሮቹን ክብ አስደርገው ከመካከላችን ተቀመጡ። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በእንቅርቱ ሥር እንደሚያልፍ፣ ሐኪሞቹ የቻሉትን ያህል ቢጠነቀቁም ሊጎዳ እንደሚችል ሳይደብቁ እንደነገሯቸው አስረዱን። ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር የሚነግር ትልቅ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም።

«ድምፄ ሊሄድ ይችላል» አሉን። «ካልተቆረጠልኝ ግን የሚሄደው እስትንፋሴ ነው። እኔ እስትንፋሴን መርጫለሁ። እናንተ ደግሞ ያዮን እንዳትረሱ።»

ያዮ ያሉ ምእመናን ለዓመታት ሲሠሩት የቆዩትን ቤተ ክርስቲያን ጨርሰው ነበር፤ ለምረቃው የእኛን ኳየር ጋብዘዋል። ከመቱ ወጥተን ዘምረን ስለማናውቅ ጉዞው ለእኛ ከገናም ከፋሲካም ይበልጥ ነበር። እናቶቻችን ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ ቀሚስ ማሰፋት ጀምረዋል። ያን ቀን ግን ከአዳራሹ ስንወጣ ስለ ያዮ ያወራ አልነበረም። ጫልቱ ታለቅሳለች። ሙሉጌታ እጁን ኪሱ ከትቶ ከኋላ ከኋላችን ሲከተል ቆየና፣ በጣም ባዘነ ድምፅ፣ «እዚያ ውስጥ ነው አላልኳችሁም?» አለ።

የተመለሱ ቀን መናኸሪያ ሄደን ጠበቅናቸው። ከአውቶቡሱ ሲወርዱ አንገታቸው ቀጥኖ፣ ነጭ ፋሻ ተደርጎበት፣ ሌላ ሰው መስለው ነበር። ፊታቸው ግን በርቷል። ደረጃው ላይ ቆመው አየሩን በረዥሙ ሳቡት፤ እንዴት እንዳማራቸው ያስታውቃል። ሮጠን ስንከባቸው ሊያናግሩን አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እትዬ አስካለ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል እንደተባሉ ነገሩኝ። ሳምንታት አለፉ። ቁስሉ ዳነ፤ እንቅልፋቸው ተመለሰ፤ ሩጫቸውም ተመለሰ። ድምፃቸው ግን ከሹክሹክታ አላለፈም።

የጫልቱ ወንድ አያት ኦቦ ተርፋሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ዋናው ነበሩ። ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቁመታቸው ረዥም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። ጫልቱን ያሳደጓት እሳቸው ስለሆኑ ቤታቸው ስሄድ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ ነበር የምቀመጠው። ጋሼ ገመቹ ከኳየሩ እንዲያርፉ፣ ወደ ያዮም የትልልቆቹ ኳየር እንዲሄድ ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ክፋት አልነበረባቸውም። ሰውየው በእንግዳ ሕዝብ ፊት እንዳያፍሩ አስበው ነው። ጋሼ ገመቹ አንድ ቅዳሜ ብቻ እንዲታገሷቸው በዚያች ሹክሹክታቸው ለመኑ። እሺ ተባሉ።

ያ ቅዳሜ እንደ ልማዱ ዘነበ። ጋሼ ገመቹ ፊታችን ቆመው ለያዮ ያዘጋጁትን አዲስ መዝሙር ሊያስጠኑን ሞከሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን፤ የምንሰማው ግን ቆርቆሮውን ነው። ግጥሙን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉልን፤ ግጥሙን ያዝነው፣ ዜማው ግን በጠመኔ አይጻፍም። በእጃቸው ከፍና ዝቅ እያደረጉ ሊያሳዩን ሞከሩ። አንዱ ልጅ አንድ ነገር፣ ሌላው ሌላ ነገር ሲዘምር አዳራሹ የገበያ ቀን መሰለ። ከኋላ ያሉት መሳቅ ጀመሩ። ጋሼ ገመቹ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑ። ሳቁ ወዲያው ቆመ። ጫልቱ እጄን ፈልጋ ጨበጠችኝ። እንደዚያ አይተናቸው አናውቅም ነበር፤ ምን ማድረግ እንዳለብን የሚያውቅ ልጅም አልነበረም።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል። ለትንሽ ጊዜ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ከንፈራቸውን አሞጠሞጡና አፏጩ።

የአልቶውን ዜማ ከመነሻው እስከ መድረሻው ነው ያፏጩት። ፉጨቱ ዝናቡን ሰንጥቆ ወጣ፤ ጥርት ያለ ነበር። መጀመሪያ የደነገጥነው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፉጨት በመስማታችን ነው። ቀጥሎ ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። እሳቸውም ያለ ድምፅ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ሲበቃን እጃቸውን ወደ እኛ ወደ አልቶዎቹ ዘረጉ፤ እኛም የሰማነውን መልሰን ዘመርነው። አልሳትነውም። ከዚያ የሶፕራኖውን አፏጩ፤ ከዚያ የቴነሩን። ባሱ ላይ ሲደርሱ ችግር መጣ፤ ፉጨት አይወፍርም። ባሶቹ የሰሙትን ወደ ታች ማውረድ ነበረባቸው፤ ጥቂት ጊዜ ሳይስማሙ ቆይተው እሱም ተሳካ። ዝናቡ ሳያባራ አዲሱን መዝሙር በአራት ድምፅ ዘመርነው። ጋሼ ገመቹ ስንጨርስ ሮጠው በሩን ከፈቱና ለእትዬ አስካለ ጥሪ የሚያሰሙ ይመስል ደጁ ላይ ቆመው አንዴ በኃይል አፏጩ። እትዬ አስካለ የተቀቀለ ጎደሬ በሳፋ አድርገው ዣንጥላ ይዘው እየመጡ ነበር፤ ባላቸውን ሲያዩ ሳፋውን ይዘው ዝናቡ ውስጥ ቆመው ሳቁ።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ቤታችን ደረሰ። በዚያን ጊዜ ፉጨት የዱርዬ ነገር ነው። እናቶቻችን ቤት ውስጥ ስናፏጭ እባብ ትጠራላችሁ እያሉ ይቆጡን ነበር። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ኦቦ ተርፋሳ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ፉጨት እንደማይሆን፣ ጋሼ ገመቹን ቢያከብሩም ይህን እንደማይፈቅዱ ተናገሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ለጋሼ ገመቹ ሊከራከሩላቸው ፈልገው ነበር አሉ። እሳቸው ግን አልተከራከሩም። «ቶሌ» አሉ በሹክሹክታ፤ እሺ ማለታቸው ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኛን ሰብስበው ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት በረንዳ ወሰዱን። የተከለከለው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ስለ በረንዳ የተባለ ነገር አልነበረም።

ዛሬ ሳስበው ያ ክልከላ ለእኛ የተሰጠን ስጦታ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግድግዳ ነበረን፤ በረንዳው ግን ለመንገዱ ክፍት ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከዝናብ ሊጠለሉ ገብተው ይቀራሉ። ጋሼ ገመቹ መጮኽ ስለማይችሉ እኛ ዝም ማለት ተማርን፤ ዝም ማለት ስለተማርን አጠገባችን ያለውን ልጅ ድምፅ መስማት ጀመርን። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዳችን የምንዘምረው ከሌላው ለመብለጥ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ደግሞ ፉጨቱ ከበረንዳው ወርዶ ከተማውን መዞር ጀመረ። ባጃጅ ነጂዎች የሶፕራኖውን እያፏጩ ያልፋሉ። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው ጋሼ ሙክታር ስኳር ሲመዝኑ የቴነሩን ያፏጩ ነበር፤ እናቴ አንድ ቀን ሰምታ ሳቋ ሲያመልጣት፣ እሳቸው ትክ ብለው አይተዋት ልጆቻችሁ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይፈጥናሉ፣ ንገሩልኝ ብለው ስኳሩን ሰጧት። የሙስሊሙ ነጋዴ አስተያየት ቅዳሜ ለጋሼ ገመቹ ደረሰ። እውነትም እየፈጠንን ነበር።

ኦቦ ተርፋሳም ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ግን አልሰሙም ነበር፤ በቅዳሜ ቀን ቡና ሲያስለቅሙና ሲያስጭኑ ነው የሚውሉት። ያዮ እንሂድ ወይስ እንቅር በሚለው ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት እሳቸው ስለነበሩ ጫልቱ ቤት ውስጥ ቀስ ብላ ትለማመጣቸው ጀመር። እግራቸውን ታጥባለች፤ ጋዜጣቸውን ታቀርባለች። በመጨረሻ እሺ አሉ፤ ነገር ግን ያዮ ላይ፣ በእንግዳ ቤተ ክርስቲያን፣ በምረቃ ቀን፣ አንድ ፉጨት እንዳይሰማ አሉ። ጋሼ ገመቹ አሁንም ቶሌ አሉ።

ያዮ የሄድነው በአይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ጭነቱ ላይ ሣር ነጥፎልን፣ ሸራ ተወጥሮልን፣ የተተኮሰ ልብሳችንን በፌስታል ይዘን ተቀመጥን። ከዋናው መንገድ ስንወጣ ጭቃው መኪናውን ያዘው። ትልልቆቹ ወንዶች ወርደው ገፉ፤ ሙሉጌታ ከጎማው ሥር በተፈናጠረ ጭቃ ከእግር እስከ ራሱ ተለወሰና ዓይኑ ብቻ ቀረ። ዛፎቹ ከመንገዱ በላይ ተገናኝተው ጨለማ ሠርተዋል፤ በሥራቸው የጫካ ቡና ቀልቶ ይታያል። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ጭቃ ውስጥ ስንንፏቀቅ ያዩናል። ጋሼ ገመቹ እዚያው ቆመን እያለ እስክስታ የሚወርዱ ይመስል እጃቸውን እያወናጨፉ አዘመሩን። ሾፌሩ ከዘፈን ይልቅ ግፉልኝ አለ።

ስንደርስ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሰዉ በመስኮት ተንጠልጥሏል። ዳሪሙ ከሚባለው ገጠር በእግር የመጡ ነበሩ፤ ደጅ እስከተጣለው ዳስ ድረስ ሰው ነው። ኦቦ ተርፋሳ ከእንግዶቹ ሽማግሌዎች ጋር ከፊት ተቀምጠዋል። ስማችን ሲጠራ ተሰልፈን ወጣን። ጋሼ ገመቹ ፊታችን ቆሙ። መነሻውን እንዳያፏጩ ቃል ስለገቡ መኪናው ላይ ዜማውን አስይዘውናል፤ በአእምሯችሁ ያዙት ብለውናል። ነገር ግን ከጭቃው፣ ከሕዝቡና ከፍርሃቱ በኋላ በአእምሯችን የቀረ ነገር አልነበረም።

እጃቸውን አነሡ፤ ገባን። ሶፕራኖዎቹ በአንድ ቦታ፣ እኛ በሌላ ቦታ፣ ባሶቹ ደግሞ ጨርሶ ባልታወቀ ቦታ ገባን። ጥቂት ቃላት እንደተጋጨን ድምፃችን አንድ በአንድ እየጠፋ ሄዶ ቆመ። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። በመስኮቱ ያለ አንድ ሕፃን ሳቀ። ጋሼ ገመቹ በዓይናቸው አይዟችሁ አሉንና እንደገና እጃቸውን አነሡ። እንደገና ተበታተንን። አጠገቤ የጫልቱ እንባ በአዲሱ ሸሚዟ ላይ ይወርዳል። ጋሼ ገመቹ እጃቸውን አውርደው ቆሙ። ዞር ብለው ማንንም አላዩም። ማፏጨት ይችሉ ነበር፤ ቃላቸውን ግን ሰጥተዋል።

ከፊት ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ኦቦ ተርፋሳ ተነሥተው ቆመዋል። መጀመሪያ ያዩት ጫልቱን ነው። ቀጥለው ጋሼ ገመቹን ከኋላቸው ተመለከቱ። ሊያስቀምጡን ነው ብዬ አሰብኩ።

«ገመቹ» አሉ፣ «ምን ትጠብቃለህ? ልጆቹ ቆመዋል እኮ። አፏጭላቸው።»

ያዮ ያለው ሕዝብ ነገሩን ስለማያውቅ እርስ በርሱ ተያየ። ጋሼ ገመቹ ለኦቦ ተርፋሳ ዝቅ ብለው እጅ ነሡና ወደ እኛ ዞሩ። የእያንዳንዱን ቡድን መነሻ አፏጩልን። ጥርት ያለ፣ ለስለስ ያለ ፉጨት ነበር። ከዚያ ዘመርን። እንዴት እንደዘመርን ልነግራችሁ አልችልም፤ ከውስጡ ሆኖ የሚሰማ ሰው ሁሉንም አይሰማም። የማስታውሰው አዝማቹ በኦሮምኛ ሲመጣ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት ሰዎች አብረውን መቀበላቸውን፣ ሴቶቹ እልል ማለታቸውን ነው። ስንጨርስ ድገሙ ተባልን። ደገምን። በመጨረሻው ላይ ከዳሪሙ የመጡት ወጣቶች ዜማውን ይዘውት እነሱም ያፏጩት ነበር፤ ኦቦ ተርፋሳ ዘወር ብለው አዩአቸውና ተመልሰው ጭብጨባቸውን ቀጠሉ።

ማታ ቤቴ ስደርስ ለእናቴ በደስታ እየዘለልኩ ሁሉንም ነገር ነገርኳት። አባቴ ጥግ ተቀምጦ ሬዲዮኑን ያዳምጥ ነበር። ድንገት ሬዲዮኑን ዘጋው።

«ባሶቹስ?» አለ። «ያቺን ከባድ ቦታ አለፏት?»

አለፏት አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሬዲዮኑን መልሶ ከፈተ። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ ስትስቅ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ቅዳሜ ማታ ቅዳሜ ማታ ምን እንዳጠናን ይጠይቀኝ ጀመር።

ወደ አዳራሹ ተመለስን፤ ስለ ፉጨት ዳግመኛ ያነሣ አልነበረም። ጋሼ ገመቹ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት መሩ። የዳሪሙ ወጣቶች እኛንም አስተምሩን ብለው መጥተው ስለለመኗቸው ትምህርት ቤት ሲዘጋ በእግር እየሄዱ ገጠር ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ኳየር አቋቋሙ። መኪና የማይገባበት ቦታ ስለሆነ ከማዶ ሆነው ሲያፏጩ ልጆቹ ከየቤቱ ይወጡ ነበር አሉ። የእኛ ልዩነት እኛ የፊተኛውን ድምፃቸውን ማወቃችን ብቻ ነው። የዳሪሙ ልጆች ሰው ኳየር የሚመራው በፉጨት ነው ብለው ነው ያደጉት፤ አንዱ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ በአፉ የሚዘምር መሪ ሲያይ መገረሙን ሲያወራ ስቀን ልንሞት ነበር።

ጋሼ ገመቹ ያረፉት ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ አርጅተው፣ በልጆቻቸው መሀል ነው። ቀብራቸው ላይ ከመቱ፣ ከያዮና ከዳሪሙ የመጡ መዘምራን ሜዳውን ሞልተውት ነበር። አባቴም በዱላ እየተደገፈ መጣ፤ ከባሶቹ አጠገብ ቆመ።

እኔ አሁን እዚሁ መቱ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ልጄ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ኳየር ትዘምራለች። አዳራሹ ኮርኒስ ገብቶለት ዝናቡ ከሩቅ ነው የሚሰማው። ኪቦርድ አላቸው፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ ማይክ አላቸው። አዲስ ዜማ በስልክ ይላክላቸውና ከየቤታቸው አጥንተውት ይመጣሉ። ጎበዞች ናቸው፤ ከእኛ ይልቅ ጎበዞች ናቸው። የዘመሩት ሁሉ በዚያው ቀን ተቀርጾ ለአክስትም ለአጎትም ይደርሳል። በእኛ ጊዜ የዘመርነውን የሰማ ሰማ፤ ያልሰማ ቀረበት። ለዚህ ነው የጋሼ ገመቹ የፊተኛው ድምፅ የትም ቦታ የሌለው።

ባለፈው ፋሲካ ጫልቱ ከጅማ መጥታ፣ አውቶቡስ ሾፌር የሆነው ሙሉጌታም ዕረፍት አግኝቶ፣ ሌሎችም ተሰባስበን እትዬ አስካለን ልንጠይቅ ሄድን። አርጅተዋል፤ ጨዋታቸው ግን እንዳለ ነው። ሙሉጌታን ወፈርክ፣ ጫልቱን ከሳሽ፣ እኔን ጠፋሽ ብለው ተቆጡን፤ ጠረጴዛውን ምግብ ሞሉት። እየበላን አንዱ አንዱን እያነሣ ስንዘምር ሙሉጌታ የያዮዋን መዝሙር ብቻውን አወጣት። የስንኙን የመጨረሻ ቃል ከመልቀቁ በፊት ትንሽ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ ሳብ አድርጎ ለቀቃት። እትዬ አስካለ ሳህን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ሙሌ፣ እስቲ ያቺን ድገማት» አሉት።

ደገማት። ሳህኑን አስቀመጡና ተቀመጡ።

«የስንኙን መጨረሻ ሁሌ እንደዚህ ነበር እኮ የሚለቃት» አሉ። «የፊተኛው ድምፁ ከጠፋብኝ ቆይቷል። በፉጨት ረዥም ዘመን ስለኖርን ያኛው ከጆሮዬ ወጣ። የቀዳ ሰው ይኖር እንደሆነ ብዬ ልጆቼን ብዙ አስፈለግኋቸው። እንደዚህ ነበር።»

ሙሉጌታ እንደዚያ አድርጎ እንደሚዘምር አያውቅም ነበር። እኛም እስከዚያ ቀን ልብ አላልንም። ያ ሁሉ ጊዜ አንገታቸውን እያየን የምንስቅ ሲመስለን፣ ለካ እሱ አፋቸውንም ሲከተል ኖሯል። ጫልቱ ስልኳን አወጣች። ሙሉጌታ እጁን ጠርጎ ተነሣ፤ መዝሙሯን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ዘመራት፤ እኛ አልገባንበትም። ጫልቱ የቀረጸችውን ወዲያው ለእትዬ አስካለ ስልክ ላከችላቸው፤ እንዴት እንደሚከፍቱትም አሳየቻቸው።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በቤታቸው በኩል ነው የማልፈው። ብዙ ቀን በመስኮቱ መዝሙሩ ይሰማል። ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባች ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ ሆና ይሄ ደስ የሚል ድምፅ የማን ነው ብላ ስትጠይቃቸው ደረስኩ። እትዬ አስካለ አዩኝ፤ ፈገግ አሉ።

«የገመቹ ነው» አሏት። እኔም አዎ አልኩ።